አምስት ጊዜ ይበቃዋል

ወልቂጤ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ በዘጋቢነት መሥራት ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ጎርፍ ዘግቤያለሁ፤ የመኪና አደጋ ዘግቤያለሁ፤ በአንድ ሌሊት አመድ የሆነ የገበያ መደብር ፊት ቆሜ ባለቤቶቹን ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ። ባልደረቦቼ «እሷ አትደነግጥም» ይሉኛል። ያልተጣራ ነገር ይዤ ስቱዲዮ አልገባም። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችንም «ማን አለ? መቼ አለ? በምን ታውቃለህ?» እያልኩ ሳስጨንቃቸው ነው የኖርኩት። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ቀጥሎ የምነግራችሁ ጥፋት ግድ የለሽ በሆነ ሰው የተፈጸመ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ስለ ሕፃናት አመጋገብ አንድ ፕሮግራም ሠራሁ። የጋበዝኳት ነርስ ረጋ ብላ ጥሩ አድርጋ አስረዳች። «ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ የጀመረ ልጅ» አለች፣ «ሦስት ጊዜ ዋና ምግብ፣ በመሃል ሁለት ጊዜ ደግሞ መክሰስ ያስፈልገዋል። ሰዓት ይኑረው። በቀን አምስት ጊዜ ከተመገበ ይበቃዋል። ጡቱን ግን በፈለገ ጊዜ ሁሉ ይጥባ።» ሙሉው ፕሮግራም አንድ ጊዜ ተላለፈ። ማንም ቅር አላለውም።

ከዚያ በኋላ እንደ ልማዳችን ከፕሮግራሙ አጭር መልእክት ቆርጬ አወጣሁ። በዘፈንና በዜና መካከል የሚገባ፣ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ መልእክት ነው። የነርሷ ንግግር ረዘመብኝ። ስለዚህ በራሴ ድምፅ እንዲህ ብዬ አሳጠርኩት፦ «እናቶች ሆይ፣ ለልጅዎ የምግብ ሰዓት ያውጡለት። በቀን አምስት ጊዜ በሰዓቱ ከተመገበ ይበቃዋል። በየመሃሉ መነካካት ፍላጎቱን ይዘጋዋል።» ያማረ፣ ጆሮ ላይ የሚቀር መልእክት ወጣው። ስድስት ወር የምትለዋ ቀረች። ጡት የምትለዋም ቀረች። ቆርጬ ስጥላቸው ትዝ ይለኛል፤ ሰዓቱን አየሁና «ደቂቃው ውስጥ ገባልኝ» ብዬ ደስ አለኝ።

መልእክቱ በየቀኑ መተላለፍ ጀመረ።

የታናሽ ወንድሜ የነስሩ ሚስት ሙኒራ ያን ሰሞን ቡታጅራ ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ነስሩ አዲስ አበባ መርካቶ ነው የሚሠራው፤ ለልጁ ስም ማውጫ መጥቶ፣ ሙአዝ ብሎ ሰይሞ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሥራው ተመለሰ። እናቷ የሚኖሩት ቆሼ የምትባል ከተማ ነው፤ ጉልበታቸው አላስነሳ ብሏቸው ሊያርሷት አልመጡም። የእኛ እናት ደግሞ ካረፈች ቆይታለች። በእኛ ቤት ደንብ ቢሆን ኖሮ ከአራሷ ጎን ቁጭ ብዬ ቡላ እያገነፋሁ የማርሳት እኔ ነበርኩ። «ሥራ በዛብኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩና ሳልሄድ ሦስት ቅዳሜ አለፈ።

አንድ ቀን ስብሰባ ልገባ ስል ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ በሬዲዮ ያልሽውን እያደረግኩ ነው» አለችኝ፤ ድምፅዋ ላይ ደስታ አለ። «መጀመሪያ እያለቀሰ አስቸገረኝ። አሁን ለመደ።»

«ጎበዝ! እናት እንዲህ ናት!» ብያት ስልኩን ዘጋሁት።

በሬዲዮ ያልኩት የቱን ነው? ምን እያደረገች ነው? ልጁ ምኑን ነው የለመደው? እንጀራዬ ጥያቄ መጠየቅ ነው። አንዱንም አልጠየቅኋትም።

በአራተኛው ቅዳሜ ቡላና ቅቤ ይዤ በጠዋት ተነሳሁ። አገና ላይ መኪና ቀይሬ ቡታጅራ ደረስኩ። ባጃጁ ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ቅያስ አወረደኝ።

«አሰላሙ አለይኩም! አራሷ!» እያልኩ ገባሁ።

«ወአለይኩም ሰላም! እትዬ! ግቢ፣ ግቢ!» ሙኒራ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። ፊቷ ወዝ አለው። ቤቱ ንጹህ ነው። አጠገቧ ጎረቤቷ እማማ አስካለ ተቀምጠዋል፤ ሙኒራ ከወለደች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ገንፎ የሚሠሩላት እሳቸው ናቸው።

«የሬዲዮዋ ሴትዮ!» አሉ እማማ አስካለ እጃቸውን እየዘረጉልኝ። «እኛ በድምፅ እንጂ በአካል የሌለሽ መስሎን ነበር።»

«ሥራ ነው እማማ፣ ምን ላድርግ።»

«ይሁን። ግን ይቺን ልጅ ምን አስነክተሻት ነው? አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ለሕፃኑ ላቅምሰው ብላት እንደ ሌባ ነው የተከላከለችኝ! በስኳር ውሃ ከንፈሩን ላርጥብለት ብላት ‹እትዬ ከጡት ሌላ ምንም አይቀምስም ብላለች› ብላ አባረረችኝ።»

ሳቅን። ያ ሌላ ፕሮግራሜ ነበር፤ እሱን በትክክል ነው የሰማችው። ኩራት ተሰማኝ።

«ልጁ ግን እድሜ ይስጠው፣ ጨዋ ነው» ቀጠሉ እማማ አስካለ። «የእኔዎቹ ሰፈር ነበር የሚያባንኑት። ይኼ እንደ ዜና ነው፤ በሰዓቱ ብቻ ነው የሚሰማው። እሱም እኮ ሰሞኑን ቀርቷል፣ ዜናውም ጠፋ።»

እንደገና ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

ሕፃኑ ግድግዳውን ተጠግቶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ለማየት ጎንበስ ስል የሙኒራ ስልክ ጮኸ። አራት ሰዓት ሆኗል።

«ሰዓቱ ደረሰ!» አለች ሙኒራ። አንስታ ታቀፈችውና ጡቷን አጎረሰችው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገና አፉ ላላ። ጉንጩን ነካ ነካ አደረገችው። አልነቃም።

«ዛሬ እንቅልፉ በዛ» አለች።

«ስጪኝማ» አልኳት።

ሲቀበሉት ሊከብድ ይገባ ነበር። አልከበደኝም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረግኩት። ግንባሩ ላይ ቆዳው ተሸብሽቦ የሽማግሌ ፊት መስሏል። ከንፈሩ ደርቋል። መዳፌን አናቱ ላይ ሳሳርፍ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ጣቴ ገባ የሚል መሰለኝ።

«ዳይፐሩን መቼ ቀየርሽው?»

«ትናንት ማታ። ደረቅ ነው እኮ እትዬ። ነስሩ የገዛው ካርቶን ሳይነካ እንዲሁ ቁጭ ብሏል። ዳይፐር የማያስጨርስ ልጅ አየሽ?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ድምፄ ግን አልተለወጠም፤ በሥራ ላይ እንደምጠይቀው ነው የጠየቅኳት።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የምታጠቢው?»

«አምስት ጊዜ ነዋ።»

«ሌሊትስ?»

«ማታ አራት ሰዓት ካጠባሁት በኋላ እስከ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በየአራት ሰዓቱ ሳደርገው ልክ አምስት መጣልኝ። አንቺ ያልሽው እኮ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ፣ የእኔን ድምፅ እያስመሰለች፣ ቃል ሳትሳሳት ወረደችው፦ «እናቶች ሆይ፣ ለልጅዎ የምግብ ሰዓት ያውጡለት። በቀን አምስት ጊዜ በሰዓቱ ከተመገበ ይበቃዋል። በየመሃሉ መነካካት ፍላጎቱን ይዘጋዋል።»

እማማ አስካለ «ቁርጥ እሷን!» ብለው አጨበጨቡ።

ቆርጬ የጣልኳቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያን ጊዜ ነው በነርሷ ድምፅ ጆሮዬ ላይ የመጡት።

«ሙኒራ፣ ልበሺ። ሆስፒታል እንሂድ» አልኳት።

«ለምን? ክትባቱ እኮ ገና ነው።»

«ልበሺ አልኩሽ።»

እማማ አስካለ ፊቴን አዩና ሳቃቸው ቀጥ አለ። «ምን አየሽ? ልጄ፣ ምን አየሽ?» አሉኝ። ነጠላቸውን ለሙኒራ ጣል አደረጉላትና በባዶ እግራቸው ወጥተው ባጃጅ አስቆሙ።

በመንገድ ላይ ሙኒራ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። «እትዬ፣ ተኝቶ ነው አይደል?» አለችኝ። «ተኝቶ ነው» አልኳት። ጣቴን አፍንጫው ሥር ይዤ ትንፋሹን እየጠበቅኩ ነበር።

ሆስፒታል ገና ሲያዩት ተረኛዋ ነርስ ከእጄ ነጥቃ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ከተወለደበት ክብደት በታች ወርዷል። ከተረከዙ ደም ወስደው ስኳሩን ለኩ፤ ወርዷል። ግሉኮስ ሰጡት። በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገቡለት። ቱቦው ሲገባ ማልቀስ ነበረበት። ፊቱን አጨማደደ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

ወጣት ሐኪም ነው የመጣው። ሙኒራን ፊት ለፊቷ ቆሞ ጠየቃት።

«በቀን ስንት ጊዜ ይጠባል?»

«አምስት» አለች ቀስ ብላ። ስህተት መሆኑ ገብቷታል።

«በዚህ ዕድሜው ቢያንስ ስምንት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ መጥባት አለበት እኮ። ሌሊትም ጭምር። ማን ነው አምስት ያለሽ?»

ሙኒራ ወደ እኔ አየች። አስተያየቷ የክስ አልነበረም። መንገድ ላይ የወደቀ ልጅ ቀና ብሎ እናቱን እንደሚያይ ነው ያየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰችና «ማንም አላለኝም። ራሴ ነኝ» አለች።

አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሐኪሙ እኔንም አየኝ፣ የምጨምረው ካለ ብሎ። ምንም አልጨመርኩም። «አሁን ልጁ ነው የሚቀድመው፤ ማን አለ የሚለው በኋላ ይደርሳል» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አሳማኝ ምክንያት ነበር። ስንት ባለሥልጣን እንዲህ ዓይነት አሳማኝ ምክንያት ሲሰጠኝ ማይክራፎኔን አፉ ላይ ይዤ «ታዲያ አሁን ለምን አይናገሩም?» ብየዋለሁ። እኔን ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ሙኒራን ጡቷን ወደ ሲኒ እንድታልብ አሳየቻት። በቱቦው የሚሰጠው የራሷ ወተት ነው። ሙኒራ አንገቷን ደፍታ አለበች። የሲኒው ወለል እንኳ አልተሸፈነም።

«ደርቋል» አለች።

«አልደረቀም» አለቻት ነርሷ። «ካልተጠባ ይቀንሳል፤ ከተጠባ ይመጣል። በየሁለት ሰዓቱ እለቢ። ጠብታም ቢሆን እንወስደዋለን።»

ነርሷ ስትሄድ ሙኒራ ሲኒውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እኔን ሳታይ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«መጀመሪያ ሰሞን እኮ ሲያለቅስ ጡቴ ራሱ ይፈስ ነበር እትዬ። ልብሴን ሁሉ ያረጥበው ነበር። ‹ሰዓቱ አልደረሰም› እያልኩ በጨርቅ አደርቀዋለሁ። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ አደርቃለሁ። አንድ ቀንማ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ከዚያ እሱ ተወው፤ ጡቴም ተወው። ለመደ ብዬ ለአንቺ የደወልኩልሽ ያን ቀን ነው።»

«አይዞሽ» አልኳት። ይህ ቃል እንደዚያን ቀን ባዶ ሆኖብኝ አያውቅም። ያን ስልክ ስትደውልልኝ የሰጠኋት መልስ «ጎበዝ» ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነስሩ ከአዲስ አበባ ደረሰ። እንዴት እንዳደረ ዓይኑ ይናገራል። ልጁን ከተኛበት ክፍል መስታወት በኩል አየው፤ ቱቦውን፣ የተጣበቀበትን ፕላስተር አየ። ከዚያ ወደ ሙኒራ ዞረ።

«ጡት ይዘሽ?» አላት። «ጡት ይዘሽ ልጄን በረሃብ? ደሃ አደረግኩሽ? ምን አጎደልኩብሽ?»

ሙኒራ ዝም አለች።

«መልሺልኝ! ሲያለቅስ አትሰሚም? ምን ዓይነት እናት ነሽ?»

የያዘችውን ሲኒ ብቻ በሁለት እጇ ጨበጠችው፤ ከሌሊቱ ይልቅ ትንሽ ከፍ ያለ ወተት ነበረበት። ዝምታዋ እኔን ለማዳን መሆኑን አውቃለሁ። ታላቅ ነኝ፤ የባሏ እህት ነኝ፤ በሬዲዮ የምናገር ሰው ነኝ። እንደዚያ ዝም ብላ ጥፋቴን ተሸክማ ቤቷ ልትገባ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኳን «ልጇን ያስራበች» ተብላ ልትኖር ነው።

«ነስሩ፣ እሷን ተዋት» አልኩት። «እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ አንቺ አትግቢበት። እኔና እሷ —»

«እኔ ነኝ እያልኩህ ነው። አምስት ጊዜ ይበቃዋል ያልኩት እኔ ነኝ፤ በሬዲዮ። ምግብ ስለጀመረ ልጅ ነበር፤ ዕድሜውን ቆርጬ አወጣሁት። ጡት የሚለውንም ቆረጥኩት። እሷ የሰማችውን ነው ያደረገችው። ‹ያልሽውን እያደረግኩ ነው› ብላ ደውላልኝ ነበር። ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቃት ‹ጎበዝ› አልኳት።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ያዘ።

«የመልእክቱን ቅጂ የላክሁላት እኔ ነኝ እኮ» አለ ፊቱን ሳያነሳ። «በስልክ። ‹የሰፈር ወሬ አትስሚ፣ እትዬ ሳታጣራ አትናገርም፣ እሷ ያለችውን ብቻ አድርጊ› ብያት።»

ያን ጊዜ ሙኒራ አፏን ከፈተች። «አትጣሉ» አለች። «ሁለታችሁም አልነበራችሁም። ሲያለቅስ የሰማሁት እኔ ነኝ።»

ነርሷ መጥታ ሲኒውን ወሰደች።

ሙአዝ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አለቀሰ። ደካማ፣ የተቆራረጠ ለቅሶ ነበር፤ ግን ለቅሶ ነበር። ሙኒራ ከአግዳሚው ዘላ ተነሳች፤ ከዚያ በመሃል ቆመችና የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየች። ነርሷ «ሰዓቱን ተይው፣ ሂጂ» አለቻት። ሄደች። ነስሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም ወደ ውጭ ወጣሁ። ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ በሥራ ዘመኔ በሰው ፊት አድርጌው የማላውቀውን፣ ጥበቃው እያየኝ።

ወልቂጤ እንደተመለስኩ ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። «መልእክቱን በጸጥታ እናውርደው» አለኝ። «አሁን በሬዲዮ ብታወሪው ሰው ይደናገጣል። ደግሞ ስንት ሰው ተሳስቶ ተረድቶት ይሆናል ብለሽ ነው?»

«እኔም የምፈራው ስንት እንደሆነ አለማወቄን ነው» አልኩት።

እርማቱን ራሴ አነበብኩት፤ ስሜን ጠርቼ፣ ምን ቆርጬ እንደጣልኩ ጠቅሼ፣ ቀኑን ሙሉ በየዜናው መጨረሻ። ቀጥሎ ያችኑ የፕሮግራሙን ነርስ ጋብዘን ስለሚጠባ ልጅ ብቻ፣ ምንም ሳይቆረጥ፣ እንድትናገር አደረግን። ስልክ ተደወለ። አንዳንዱ ተሳደበ፣ አንዳንዱ አመሰገነ። ከቸሃ ገጠር የደወለች አንዲት ሴት «የእኔ ሁለት ወሩ ነው፣ እንግዲያው ላጥባው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አሁኑኑ አጥቢው፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ስላት ስልኩን ሳትዘጋው ጥላው ሮጠች መሰለኝ፤ ለረጅም ጊዜ የቤቷ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ያልደወሉትን ደግሞ አላውቅም። መልእክቱን ሰምተው እርማቱን ያልሰሙትን አላውቅም። ይህን የጻፍኩት ስለ እነሱ ነው።

ስለዚህ እናንተ የምታነቡ፣ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ አራስ ካለች፣ በአንድ ደቂቃ ያለቀ ምክር ስትሰሙ «ይህ ለስንት ወር ልጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክሩን የሰጣችሁ ሰው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን ጠይቁት። የማያለቅስ ሕፃን ስታዩ እንደ እኔ ጨዋ ነው ብላችሁ አትሳቁ፤ ዳይፐሩ ረጥቦ እንደሆነ እዩ። የታመናችሁ ሰዎች ከሆናችሁ ደግሞ «ያልከኝን እያደረግኩ ነው» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ሳትሰሙ አታመስግኑት።

ሙአዝ ደህና ነው። አድጎ፣ ከብዶ፣ ሰፈር የሚያባንን ልጅ ወጥቶታል። እኔ ግን እሱን ባቀፍኩት ቁጥር ክብደቱን እለካለሁ፤ እጄ አይተወውም።

በቀደም ሙኒራ ደወለችልኝ። ልጁ ስድስት ወር ሊሞላው ነው።

«እትዬ፣ ምግብ ልጀምርለት ነው። ምን ምን፣ በቀን ስንት ጊዜ ልስጠው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳት። «አብረን ሆስፒታል ነርሷ ጋ እንሄዳለን። እሷ ትነግርሻለች፤ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

«ምን አደከመሽ? አንቺ ከነገርሽኝ ይበቃኛል እኮ» አለችኝ።

ከልቧ ነው። ካለፈው ሁሉ በኋላ፣ አሁንም ከልቧ ነው። ከወንድሜ ዝምታ፣ ከአድማጮች ስድብ ይልቅ የከበደኝ ይኼ ነው።

«አይበቃሽም» አልኳት።